አሥራ አንድ ሰከንድ ቃጭል

በባንዳችን ሸክላ ሽፋን ጀርባ ስሟ ሁለት ቦታ ታትሟል። አንዱ «ድምፅ ቀራጭ» ከሚለው ጎን ነው። ሌላው ስድስተኛው ዘፈን ሥር፣ «ቃጭል» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ነው። ሙዚቃ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች መንገድ ላይ ያስቆሙኝና «ይቺ የማተሚያ ቤት ስህተት ናት አይደል?» ይሉኛል። አዎ ብዬ አልፋለሁ። ቆሜ የሰው ጣጣ ማስረዳት አልወድም፤ በዚያ ላይ የነገሩ ጥንስስ እኔ ራሴ ስለሆንኩ አፌን ሞልቼ የማወራው አይደለም። ዛሬ ግን ልናገር። ሰው እሷን በስህተት እንደገባች እየቆጠረ ሲኖር ያናድደኛል።

ምላጭ እንላታለን። ቅጽል ስሟን ብቻ የሰማ ሰው ምላሷ የሚቆርጥ ክፉ ሴት ትመስለዋለች። እሷ ግን ዝንብ እሽ የማትል፣ ሰው ሲቆጣት አንገቷን ደፍታ እቃ የምታስተካክል ሴት ናት። ምላጭ ያሰኛት ሥራዋ ነው። ዘመኑ ኮምፒዩተር ሙዚቃ ቤት ያልገባበት ነበር። የተበላሸ ቦታ ሲኖር ቴፑን በምላጭ ቆርጦ፣ ደህናውን ከደህናው ጋር በማጣበቂያ ገጥሞ ማለፍ ነው። እሷ የገጠመችውን እንኳን ጆሮ ዓይንም አያገኘውም። እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበረች፤ ምላጭ ያደገችው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝታ ነው። እናትየው መቀሱን ከማንሳቷ በፊት ሦስት ጊዜ ትለካ ነበር። ልጅቷም ቴፕ ከመንካቷ በፊት ሦስት ጊዜ ታዳምጣለች።

ስቱዲዮው የገባችው በጸሐፊነት ነው። ደብዳቤ ትተይብ፣ ስልክ ታነሳ ነበር። አንድ ቀን ድምፅ ቀራጩ ከስቱዲዮው ባለቤት ጋር ተጣልቶ ኮቱን አንጠልጥሎ ወጣ፤ ውስጥ ዘፋኝ ቆሞ ይጠብቃል። እሷ ከጽሕፈት መኪናዋ ተነስታ «እኔ ልሞክረው?» አለች። ሸክላውን ስንቀርጽ ከዚያች ቀን ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። «እኔም እሷም ቀኑን ሙሉ እዚያው ቦታ ነው የምንመላለሰው» ብሎ ይስቃል። ቤታቸው ሬዲዮ አይከፈትም። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ዘፈን ሲያምራቸው ጎረቤት ይሄዳሉ፤ እናታቸው ድምፅ ጠግባ ነው የምትገባው።

ስቱዲዮው ከአንድ ጎማ ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በመሀላቸው ድርብ መስታወት አለ። በአንዱ በኩል ሙዚቀኞች ይጫወታሉ፤ በሌላው በኩል ምላጭ ከማሽኑ ጋር ትቀመጣለች። ግድግዳው አሮጌ ምንጣፍ ተመቶበታል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከታች የጎማ መንፊያው ሞተር ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ቀረጻ ሲኖር አንዳችን ወርደን ጎማ ሠሪውን እንለምናለን፤ ደግ ሰው ነው፣ ለግማሽ ሰዓት ያጠፋልናል፣ ደንበኛ ከመጣበት ግን ቃል የለውም።

ሸክላውን ያሰበችው ባስ ጊታር ተጫዋቿ ናት። ባንዱን የምትመራው እንደ ጦር ስለሆነ ሻለቃ እንላታለን። አምስት ደቂቃ ላረፈደ ሰው ሰላምታ አትሰጥም። የሸክላው ሐሳብ ሥሩ ግን አባቷ ናቸው። አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የጭነት መርከብ ላይ፣ ታች ማሞቂያው ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። መርከቡ ወደብ በያዘ ቁጥር ጓደኞቻቸው መጠጥ ቤት ሲፈልጉ እሳቸው ከበሮ ይፈልጉ ነበር። ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የተወሰዱ ሰዎች የልጅ ልጆች ያሉበት ደሴት ሁሉ ቋንቋው ሌላ፣ ጸሎቱ ሌላ፣ ልብሱ ሌላ ነው። አንድ ነገር ግን በየሄዱበት አገኙ፤ ከከበሮዎቹ በላይ የሚመታ የብረት ቃጭል። ሰባት ምት ነው፤ አንዳንዱ ረዘም፣ አንዳንዱ አጠር እያለ ዞሮ ይመለሳል። ከበሮው ያብዳል፣ ዘፋኙ ይጮኻል፣ ቃጭሉ ግን ንቅንቅ አይልም። የጠፋበት ሁሉ መንገዱን የሚያገኘው እሱን ሰምቶ ነው። አባባ ከማሞቂያው ቆርቆሮ ሁለት አፍ ያለው ቃጭል ቀጥቅጠው ሠሩና በየወደቡ ከሽማግሌዎች ጎን ተቀምጠው ተማሩ።

ሻለቃ ያንን ቃጭል መሀል አስቀመጠችው። በላዩ የራሷን ባስ፣ የሚያስጨፍረውን የፈንክ ምት፣ የጃዝ ጥሩምባዎች፣ አንዷ ስትጣራ ሁለቱ የሚመልሱ ሦስት ሴቶች ደረደረችበት። ስምንት ዘፈን ሆነ። እኔ ትሮምቦን ነፋሁ። ኑሮዬ ፖስታ ቤት ደብዳቤ መለየት ነው፤ ክብሬ ግን ትሮምቦኔ ነው፤ ያመጣብኝም መዘዝ ይኸው ክብር ነው።

አሁን አንድ ነገር ያዙልኝ። የምንቀርጽበት ቴፕ አሥራ ስድስት መስመር ነበረው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ መስመር ላይ ይቀመጣል፤ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማስተካከል ይቻላል። በሰባቱ ዘፈኖች እኔ ሰባተኛው መስመር ላይ ነኝ፣ አባባ ስምንተኛው ላይ። ስድስተኛውን ዘፈን የቀረጽን ቀን ግን አባባ ቀደም ብለው መጡና በእኔ ወንበር ላይ፣ በእኔ ማይክሮፎን ፊት ቁጭ አሉ። ከበሩ አጠገብ ስለሆነ ለጉልበታቸው ቀሏቸው ነው። ማን ደፍሮ «አባባ ይነሱልኝ» ይላል? ሻለቃ እንኳ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። እኔ ዝም ብዬ እሳቸው ቦታ ሄጄ ተቀመጥኩ። ምላጭም የቴፑን ሳጥን ገልብጣ በቀይ እርሳስ ጻፈችበት፦ ሰባት ቃጭል፣ ስምንት ትሮምቦን።

ያን ቀን አባባ እንዴት እንደመቱ መናገር ይከብደኛል። ዘፈኑ ሰባት ደቂቃ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወትነው፣ በቃ፤ እንድገመው ያለም የለም። በአራተኛው ቀን አባባ ጫማቸውን ሊያስሩ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸው ተሳሰረ። ሐኪሙ ያላትን ሻለቃ ለማንም አልተነፈሰችም። ስንጠይቃት «ይድናል» ትላለች፤ በቁጣ ነው የምትለው፣ የተከራከርናት ይመስል። የአባባ ቃጭል ስቱዲዮው ውስጥ እንደተሰቀለ ቀረ። ደፍሮ ያወረደው የለም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ቴፖቹ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሸክላ ማተሚያው ሊሄዱ ነው፤ የሚወስዳቸው ሰው ትኬቱን ቆርጧል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔ ከፖስታ ቤት ቀጥታ ምላጭ ዘንድ ሄድኩ። ስድስተኛው ዘፈን ላይ አንዲት ድምፄ ትሰነጠቃለች። ትንሽ ናት፤ እኔን ግን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነስታኛለች።

«ማንም አይሰማትም፤ ተዋት» አለችኝ ምላጭ።

«እኔ እሰማታለሁ።»

«አንተማ ያልተነፋውንም ትሰማለህ።»

«አንድ ደቂቃ ነው! ጎማ ሠሪው ሞተሩን አጥፍቶልናል፤ ለግማሽ ሰዓት ብሎኛል፤ ካመለጠን አመለጠን። ስንት ዓመት የተዋወቅን ሰዎች ነን፣ እንዲህ ትሆኝብኝ?»

እንዲህ ነው የነዘነዝኳት። ተነሳች። ቴፑን አጠመደች፣ ቦታውን አገኘች፤ እጇ ልማዱን ሄዶ ሰባተኛው መስመር ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ ተጫነ። ሳጥኑን አላየችም። ሦስት ጊዜ የምታዳምጥ ሴት ያን ቀን አንዴም አላዳመጠችም፤ እኔ መስታወቱ ጀርባ ቆሜ በእጄ ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ እያልኩ ነበር። ነፋሁ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ንጹሕ ሆነች፤ በደስታ እየተፍለቀለቅኩ ወጣሁ።

ቴፑን መልሳ አጫወተችው። የተሰነጠቀችው ድምፄ እዚያው አለች። አዲሷ ደግሞ አጠገቧ አምራ ቆማለች። ቃጭሉ ግን የለም። ባሱ፣ ከበሮው፣ ሴቶቹ ሁሉ አሉ፤ ቃጭሉ ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ከአሥራ አንድ ሰከንድ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ መጣ።

ምላጭ አልጮኸችም። ማሽኑን አቆመች፣ ሳጥኑን ገልብጣ በቀይ የተጻፈውን አነበበች፣ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ከንፈሯ አመድ መሰለ።

«አጠፋሁት» አለች። «የአባባን እጅ አጠፋሁት።»

እኔ ሰባት ቃጭል፣ ስምንት ትሮምቦን የሚለውን ደጋግሜ አየሁት፤ ደጋግሜ ሳየው የሚለወጥ መስሎኝ ነው። እሷ ወደ ስልኩ ሄደች። ቀደምኳትና እጄን ስልኩ ላይ አደረግኩ።

«ማን ጋ ነው?»

«ሻለቃ ጋ። ልንገራት።»

«ምን ብለሽ? አባትሽ ከእንግዲህ የማይመቱትን አጥፍተነዋል ልትያት? ሰውየው ታመው፣ እሷ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ቴፑ ከነገ ወዲያ ሊሄድ? ልትገያት ነው እንዴ?»

«ካልነገርኳት ምን ልሆን ነው?»

«ጠግኚው! አንቺ አይደለሽም እንዴ ምላጭ? ከሌላ ቦታ ቀድተሽ ሙዪው። ማን ያውቃል?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልታወቀላትን ሙያ ነው በዚያች ሰዓት ያሞገስኩት። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ፤ ሰውን በሚኮራበት ነገር ማጥመድ ነውር ነው። ከስልኩ ራቀች።

ከሌላ ቦታ እየቀዳች ሞከረች። አልገጠመም። አባባ ሰዓት ቆጥረው አልነበረም የሚመቱት፤ ሴቶቹ ሲመልሱ በአንዲት ፀጉር ይፈጥናሉ፣ ሲጣሩ ይረጋጋሉ። ከመጀመሪያው ያመጣነው ይዘገያል፤ ከኋላ ያመጣነው ይቸኩላል። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሞከረች። ታች ሞተሩ ተነሳ፣ ወለሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወርጄ ጎማ ሠሪው እግር ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ስመለስ የአባባን ቃጭል ከተሰቀለበት አውርዳ በእጇ ይዛው አገኘኋት።

«መስማትማ ስንቴ ሰምቼዋለሁ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። «በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።»

ማሽኑን እኔ አስነሳሁላት። ሁለት ጊዜ ሳተች። በሦስተኛው ልክ ገባ። ባዶው ቦታ ሞላ። መልሰን ሰማነው፤ ከአባባ ምት የሚለየው ነገር ቢኖር እኔ አልሰማሁትም፤ ለጥቂት ደቂቃ ደስ ብሎኝ እንደነበርም አልክድም። ምላጭ ቃጭሉን በቀሚሷ ጠርዝ አብሳ ሰቀለችው። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ዓርብ ጠዋት ባሏ አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው ፖስታ ቤቱ በር ላይ አቁሞ በመስኮት ተጣራ።

«አንተ ባለ ትሮምቦን! ምንድነው ያደረጋችኋት?»

«ምን ሆነች?»

«ራት አልበላችም፤ ልጆቹ ሬዲዮ ቢከፍቱ ዝም አለቻቸው። ሬዲዮ! ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።»

ተሳፋሪው መጮህ ጀመረ፤ ከኋላ መኪና ጥሩምባ ነፋ። «ደክሟት ነው» አልኩት። ባሏ ለአፍታ ትኩር ብሎ አየኝ፣ ማርሹን ጨብጦ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሻለቃ ለመጨረሻ ጊዜ ልትሰማ መጣች። ብቻዋን ትመጣለች ብለን ነበር። ደረጃው ላይ የሚጎተት እግር ሰማሁ። አባባ ናቸው። ግራ እጃቸው ትከሻዋ ላይ ነው፤ ቀኙ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

«እኔ ካልመጣሁ ብሎ አስቸገረኝ» አለች፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ያየኋት ያኔ ነው። «ጆሮህ እንደሆነ ምንም አልሆነም አይደል አባዬ?»

ከማሽኑ ፊት አስቀመጥናቸው። ምላጭ እጃቸውን ስማ ቀና ሳትል ወደ ቴፑ ዞረች። አምስቱን ዘፈን ሰማን። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላታቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። ስድስተኛው ተጀመረ። እኔ የግድግዳውን ሰዓት ነበር የምቆጥረው፤ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ባዶው የነበረበት ቦታ ደረሰ። ሻለቃ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ክንዴን ያዘች።

«ይቺን ስማልኝ» አለችኝ። «እዚህ ጋ ነው አባዬ አባዬን የሚመስለው።»

የአባባ ግራ እጅ ወደ ላይ ተነሳ።

ምላጭ ማሽኑን አቆመች።

«መ… ልሺ» አሏት።

መለሰችው። እዚያው ቦታ ሲደርስ እጃቸው ተነሳ፤ አሥራ አንዱ ሰከንድ ሲያልቅ እጃቸው ወረደ። ሰዓት ይዘው ቢለኩት እንደዚያ አይሆንም። ሻለቃ ግራ ገብቷት አንዴ እሳቸውን አንዴ እኛን ታያለች። አባባ ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ። በሦስተኛው ወጣላቸው።

«ማነው… ከእጄ… የነጠቀኝ?»

እኔ የትሮምቦኔን ሣጥን መቆለፊያ ማየት ጀመርኩ። ከመቆለፊያው ላይ ምን እንደምፈልግ አላውቅም።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች ምላጭ። «ትናንት የሱን ትሮምቦን ላስተካክል ብዬ መስመር ተሳሳትኩ፤ የእርስዎን አጠፋሁ። ከዚያ ደግሞ እኔ መትቼ ሞላሁበት። ዛሬም ዝም ልል ነበር።»

«ነዝንዤ ያስገደድኳት እኔ ነኝ። ስልክም የከለከልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ዘግይቶ የመጣ ጀግንነት ነው፤ ማንም አልሰማኝም።

ሻለቃ ቀስ ብላ ክንዴን ለቀቀች። ከዚያ የወረደባት ቁጣ ነው። ወንበሩን በእግሯ መታችው።

«አንቺን! ሌላውን ሁሉ ተጠራጥሬ አንቺን አምኜ! እሱ የመታው ከዚህ ሌላ የትም የለም፤ የትም! ሰው ሲታመም እንዲህ ይደረጋል? እኔ እዚህ ተቀምጬ በማን እጅ ነው ያለቀስኩት? በማን?»

ምላጭ ቆማ ሰማቻት። ለወትሮው ሲቆጧት እቃ የምታስተካክለዋ ሴት እጇን አላንቀሳቀሰችም።

«ቴፑን አምጪው» አለች ሻለቃ። «የትም አይሄድም። ነገ አይሄድም። አባዬ ሲድን መጥቶ ራሱ ይሞላዋል። እስከዚያ እኔ ጋ ይቀመጣል።»

አባባ በግራ መዳፋቸው የወንበሩን ክንድ መቱት። መናገር ጀመሩ። ቃሉ ግማሹ ይወጣል፣ ግማሹ እዚያው ይቀራል፤ እኛ የምንይዘው አልነበረም። ሻለቃ ብቻ ናት የምትሰማቸው። በዚያ ሁሉ ንዴቷ መሀል አባቷ ያሉትን እየገጣጠመች ለእኛ መንገር ግድ ሆነባት።

«‹እጅ ይደክማል› ነው የሚለው» አለች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «‹ደሴቶቹ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲመታ የሚያድር ሰው እጁ ሲዝል፣ ጎኑ ያለው ሌላ ቃጭል ያነሳል። አብሮት ይመታል። ሁለቱ አንድ ሲሆኑ…›»

አባባ ወንበሩን መቱ።

«‹ሁለቱ አንድ ሲሆኑ የደከመው ይለቃል። ቃጭሉ አይቆምም።›» ወደ ምላጭ ዞረች። «‹አንቺ ግን አብረሽኝ ሳትመቺ ወሰድሽው። ድንገት ነው እጄ ባዶ የሆነብኝ› ይልሻል። ‹በወጉ ውሰጂው› ይልሻል።»

ከታች ጎማ ሠሪው ብረት ሲወረውር ተሰማ። ሻለቃ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር፤ ቴፑን ይዛ ብትወጣ የሚያስቆማት አልነበረም። ለረጅም ጊዜ አባቷን አየቻቸው። ከዚያ ማሽኑ ፊት የምላጭ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ቁልፉን የምጫነው እኔ ነኝ» አለች። «ስንተኛ ላይ ነው?»

«አሥራ አምስት። ባዶ ነው።»

«ሳጥኑን አንብቢልኝ።»

ምላጭ ከአንድ እስከ አሥራ ስድስት ያለውን መስመር አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች። ትናንት የሞላችውን ራሷ አጠፋችው፤ ቀዳዳው ተመለሰ። እኔ ጎማ ሠሪውን ልለምን ወረድኩ። ፊቴን ሲያይ ምንም ሳይጠይቀኝ ሞተሩን አጠፋው።

አባባና ምላጭ ውስጥ ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁለቱም ማዳመጫ አደረጉ። ምላጭ ቃጭሉን ጉልበቷ ላይ አቆመች። ሻለቃና እኔ በመስታወቱ እናያቸዋለን። ዘፈኑ ሄደ። ሴቶቹ ከቀዳዳው በፊት ሁለቴ መመለስ ሲቀራቸው ምላጭ መምታት ጀመረች፤ ከአባባ ቃጭል ጋር፣ ቀስ ብላ፣ በፍርሃት። አባባ አይዞሽ በሚል አንገታቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ጠነከረች። ሁለቱ ቃጭል አንድ ሆነ፤ ቀዳዳው ደረሰ፤ የአባባ ቃጭል ጠፋ፣ የእሷ ብቻውን ቆመ። አሥራ አንድ ሰከንድ። የአባባ ቃጭል ሲመለስ እሷ እዚያው ጠበቀችው። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር አብረው ሄዱ። አሁን እሷ መልቀቅ ነበረባት።

መምቻውን ልታወርድ ስትል አባባ በግራ እጃቸው ክርኗን ያዙ። ቀጥዪ ነው። ቀጠለች።

ከዚያ ማዳመጫቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና በመስታወቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። መዳፋቸውን ዘርግተው ወደ ታች ጫን አደረጉት። የእኔን ቀንሺው።

ሻለቃ ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም» አለች፤ መስታወቱ እንደማያሰማት ታውቃለች። መዳፉ እንደገና ወደ ታች ወረደ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ አልቀረውም። ሁለቱ ቃጭሎች አብረው ይመታሉ፤ የምላጭ ዓይን ተጨፍኗል። ሻለቃ ጣቷን የሰባተኛው መስመር ድምፅ መቀነሻ ላይ አደረገች፣ አነሳች፣ መልሳ አደረገች።

ጣቷ ወረደ። ቀስ ብሎ ነው የወረደው፤ የአባባ ቃጭል ሳሳ፣ ራቀ፣ ከዚያ የለም። ምላጭ በማዳመጫዋ ሲሄድባት ሰማች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። እጇ ግን አልቸኮለም፣ አልዘገየም። እስከ መጨረሻው ምት ድረስ ብቻዋን ይዛው ሄደች።

ቴፑ ቆመ። ምላጭ መምቻውን ለአባባ ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም። በግራ እጃቸው ጣቶቿን አንድ በአንድ መምቻው ላይ መልሰው ዘጉባት።

ሻለቃ ይህን ሁሉ አየች። ጣቷ እዚያው መቀነሻው ላይ ነው። ወደ እኔ ሳትዞር፣ በትንሽ ድምፅ፣ እንደ ሕፃን ጠየቀችኝ።

«እጁ አይመለስም አይደል?»

ልዋሻት ፈልጌ ነበር።

«አይመለስም» አልኳት።